«እንደውልልሃለን» ማለትም ቃል ነው



 

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሥራ ፈላጊ ባለበት ቤት ሁሉ ያለ ነው። በራሴ ላይ ስለደረሰ ከራሴ እጀምራለሁ።

በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ዓመት አልፎኝ ነበር። ሰፈሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ከአጎቴ ጫማ ተውሼ፣ የታክሲውን ገንዘብ ለመመለሻ አስቀምጬ በእግሬ ሄድኩ። ለ3 ሰዓት ተቀጥሬ እስከ 7 ሰዓት በረንዳ ላይ ቆምኩ። ስገባ የተጠየቅሁት ስሜንና «እዚህ ማን ያውቅሃል?» የሚል ብቻ ነበር። ማንም እንደማያውቀኝ ስነግራቸው እርስ በርስ ተያዩና «እንደውልልሃለን» አሉኝ።

በሁለተኛው ዙር የጽሑፍ ፈተና ተፈተንኩ። በሦስተኛው «ችሎታህን እንይ» ብለው የመጋዘን ደረሰኝ ክምር ሰጡኝ። 4 ቀን ሙሉ አመሳክሬ፣ ሒሳቡን ዘግቼ አስረከብኩ። አንድ ብር አልተከፈለኝም። አሁንም «እንደውልልሃለን» ተባልኩ።

ሁለት ወር ስልኬ ከእጄ አልወረደም። አላህ ይቅር ይበለኝና በሶላት ላይ እንኳ ልቤ እዚያው ነበር። እናቴ በየማታው «ደወሉ ወይ?» ትለኛለች። በመጨረሻ የደወለልኝ ግን አንድ ደላላ ነው። ቦታው እንዳልተያዘ፣ «ለሻይ» የሚሆን የሁለት ወር ደመወዝ ካመጣሁ እንደሚያልቅልኝ ነገረኝ። በዚያው ሳምንት እናቴ ዕቁብ ደርሷት ነበር። ገንዘቡን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ጧት ይዤው ስወጣ ከእንጦጦ የሚወርዱ እንጨት ተሸካሚ እናቶች አገኘሁ። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ለከተማዋ ማገዶ እንዲሆን ከገባ ወዲህ በዚያ ሸክም ስንት ቤተሰብ አድሯል! አንዷ ገዢ ሸክሙን ዙሪያውን አየች፣ ዋጋ ተከራከረች፣ ከፈለች። ሌላዋ ደግሞ «እርጥብ ነው፣ አልፈልግም» አለች። ባለ እንጨቷም ወደሚቀጥለው በር አለፈች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አልፈልግም ያለቻት ሴት እንኳ ሐቋን አልነካችባትም፤ ቀኗን አልቀማቻትምና።

ወንድሞችና እህቶች! ቅዱስ ቁርአን በሱረቱል ቀሰስ ስለ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ቅጥር ይነግረናል። ከግብፅ ሸሽቶ መድየን ሲደርስ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ለሁለት ሴቶች መንጋቸውን ያለ ዋጋ አጠጣላቸው፤ ከዚያም ጥላ ሥር ሆኖ ለሚመጣለት መልካም ነገር ሁሉ ድኻ መሆኑን ለጌታው ነገረ። ወዲያው ከሴቶቹ አንዷ መጣች፤ አባቷ የሚጠራው ላጠጣበት ዋጋውን ሊከፍለው ነበር። ልጅቱ አባቷን «ቅጠረው» ስትለው ያነሣችው ብርታቱንና ታማኝነቱን ነው። ሽማግሌውም ስምንት ዓመት እንዲያገለግል፣ አሥር ቢሞላ ከራሱ በጎነት እንደሚሆን፣ ሊያስቸግረውም እንደማይፈልግ በግልጽ ነገረው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ሳይቀጠር የሠራው ተከፈለው። መመዘኛው ብርታትና አማና እንጂ «ማን ያውቅሃል?» አልሆነም። ውሉም ፊት ለፊት ተነገረው።

በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን የከለከለ መሆኑን ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ያስተምረናል። የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጥ ወሰን አበጅቶለታል፤ በሙከራ ላይ ያለውም ሰው የሠራተኛ መብት አለው። «ችሎታህን እንይ» ብሎ በነፃ ማሠራት በሸሪዓም በሕግም ፊት ምን መልስ አለው?

ከጠረጴዛው ወዲያ ያለህ ወንድሜ ሆይ! «እንደውልልሃለን» ስትል ቃል ገብተሃል። ቃልን ማፍረስ ከሙናፊቅ ምልክቶች አንዱ መሆኑን ታውቃለህ። የማትቀጥረው ከሆነ «አልሆነም» በለው። ያማል፣ ግን ወደሚቀጥለው በር ያሳልፈዋል።

ሥራ ፈላጊ ወንድሜና እህቴ ሆይ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉቦ ሰጪውንም ተቀባዩንም ረግመዋል። በጉቦ የተገዛ ወንበር የሌላ ድኻ ልጅ ወንበር ነው።

ገንዘቡን ለእናቴ ስመልስ አልተደሰተችም፤ ብዙ ቀን አኩርፋኛለች። በኋላ ሾላ ገበያ ከአንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከዚያኛው ግማሽ አይሞላም ነበር፤ ግን በመጀመሪያው ቀን በአፍ ተነገረኝ፣ በወሩ መጨረሻም በእጄ ተሰጠኝ።

ዛሬ እኔም ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጫለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ጥፋቴ ነው። ባለፈው ሳምንት መሳቢያዬን ሳጸዳ የአንዲት ልጅ ማመልከቻ አገኘሁ። ከሦስት ወር በፊት «እንደውልልሻለን» ብያት ረስቻታለሁ። ደወልኩላት፤ ቦታው መያዙን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ እስካሁን ስጠብቅ ነበር» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

አላህ ሥራ ላጡት ሐላል ሪዝቅ ይክፈትላቸው። በእጃችን የሰው ጉዳይ ያለንንም ከቂያማ በፊት ራሳችንን የምንመረምር ያድርገን። አሚን።