የዝንጉ ልጅ ዕዳ የማን ነው?

ትናንት ያጠናውን ዛሬ ሲጠይቁት ድርግም የሚልበት ልጅ ሲኖር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባሉ የየካ ቤቶች ሦስት ዓይነት መፍትሔ ይታያል። አንዷ እናት ገና ሳይነጋ ልጇን ይዛ ወደ እንጦጦ ጠበል ትወጣለች፤ አንዱ አባት አስጠኚ ይቀጥራል፤ ሌላው አርጩሜ ያነሣል። ሦስቱም ለልጁ አስበው ነው፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ መፍትሔ ሥር ያልተነገረ እምነት አለ። እናቲቱ ማስታወስን ጸጋ ትለዋለች፣ አስጠኚ የቀጠረው ሙያ፣ አርጩሜ ያነሣው ግዴታ። ግዴታ ከሆነ መርሳት ጥፋት ይሆናል፤ ጥፋት ደግሞ ቅጣት ይጠራል። ይህን የመጨረሻውን እምነት ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል። ማስታወስ ልጅና አዋቂ አብረው የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ስለዚህም ልጅ ሲረሳ በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው አዋቂው ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ቅዱስ ያሬድ ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን በአክሱም የኖረው ይህ ሊቅ በልጅነቱ መዝሙረ ዳዊት አልያዝልህ ብሎት በመምህሩ በአባ ጌዴዎን እንደ ተገረፈ፣ ሸሽቶም ከዛፍ ሥር እንደ ተቀመጠ፣ ግንቦት 11 ቀን የሚነበበው ስንክሳር ይናገራል። ግንዱን ለመውጣት ስትታገል ቆይታ በመጨረሻ ከላይ የደረሰችውን ትል አይቶ ተመለሰ። ታሪኩ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የጽናት ምሳሌ ሆኖ ይነገራል፤ ልክም ነው። የሚታለፍ ነገር ግን አለበት። ግርፋቱ ያሬድን ዳዊት አላስያዘውም፤ ከትምህርት ገበታ አባረረው እንጂ። ልቡናው የተከፈተለት አለንጋ በሌለበት ጥላ ሥር ተረጋግቶ ካሰበ፣ ተመልሶ ይቅርታ ሲጠይቅም መምህሩ ሳይገፋው ከተቀበለው በኋላ ነው። አባ ጌዴዎን በሩን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ ያሬድ የደረሰውን የዜማ መጽሐፍ ድጓን ዛሬ ባላገኘን ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ራሱ የአብነት ትምህርቱ ነው። ጀማሪው ልጅ ፊደል ለይቶ፣ አቡጊዳ ወጥቶ መልእክተ ዮሐንስ ሲጀምር ምን እንደሚያደርግ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ያንኑ አንድ ገጽ በቅድሚያ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደሉን ነጠላ ነጠላ ይቆጥረዋል፤ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይወጣዋል። አንዱ ቃል በተለያየ ስልት፣ በተለያየ ቀን፣ በዓይንም በጆሮም በአፍም ይገባል። ማታ ደግሞ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ የቃል ትምህርት አለ፤ ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ ተከፍሎ እንዳለ ጥቂት ጥቂት እየያዙ ይወጡታል። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታም አዲሱን ከመንገራቸው በፊት የትናንቱን ያስብሉታል። ይህ ሁሉ የተደራጀው ልጅ እንደሚረሳ አስቀድሞ በማወቅ ነው። የዘመኑ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን የቃል ክፍሎች በራሱ ላይ እየሞከረ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከሚረሳው ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚጠፋ፣ ጊዜ እየሰጡ መድገምም በአንድ ቁጭታ ከመደጋገም እንደሚሻል አሳየ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ እንደሚበልጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ከራሳቸው ለማውጣት የሞከሩት እንደሚቀድሟቸው አረጋገጡ። በፈተና ዋዜማ ደብተሩን አምስት ጊዜ አንብቦ «ገብቶኛል» ያለው ልጅ ማታውኑ ሲጠየቅ የሚመልሰው፣ ቆይቶ የሚጠፋበትም ለዚህ ነው። ደብተሩን ዘግቶ ለታናሽ እኅቱ እንዲያስረዳት ቢደረግ ይሻለው ነበር። ይህን ማወቅ ያለበት ግን ልጁ ነው ወይስ አዋቂው?

«እኛም እየተገረፍን ነው ሰው የሆንነው» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ከአለንጋ ሥር ታላላቅ ሊቃውንት መውጣታቸው አይካድም። ይሁንና እንዲህ ሲባል የሚቆጠሩት የጸኑት ብቻ ናቸው፤ ሸሽተው የቀሩትን ማንም አልቆጠራቸውም። የፈራ ልጅ ሐሳቡ በአርጩሜው ላይ ነው፤ ያልያዘውን ነገር ደግሞ ከየት አምጥቶ ያስታውሰው? ከዛሬዋ አልጄርያ ምድር የተገኘው የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ በልጅነቱ እንዳይገረፍ ይጸልይ እንደነበር ይናገራል፤ ቋንቋን ለመማርም ከሚያስፈራ ግዳጅ ይልቅ ነፃ ጉጉት እንደሚበረታ ይመሰክራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ ሲያደርግም ያሬድ ላይ የደረሰው በሌላ ልጅ እንዳይደርስ ማለቱ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከሃይማኖቱ በኩል ነው። ስንክሳሩ ራሱ ያሬድ በዕንባ ለምኖ ልቡናው እንደ ተከፈተለት ይናገራልና፣ ማስታወስን የሰው ሥራ ማድረግ ጸጋን መዘንጋት አይሆንምን? አይሆንም። ጸሎቱ ያሬድን ከመምህሩ አላራቀውም፤ ሲለምን የነበረው ወደ ትምህርቱ ተመልሶ ነው። ጸጋን ያለ ድካም ለማግኘት የተሞከረበትን መንገድ ማየት ከተፈለገ አብሾ አለ። አእምሮ ይከፍታል ተብሎ ተማሪዎች ሲወስዱት የኖሩትና ከዐጤ ፋሪስ ይዘጋጃል የሚባለው ይህ መድኃኒት ብዙዎችን ለቅዠት ዳርጓል። በዐጤ ፋሪስ ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን አዲስ ትዝታ እንዳይያዝ የሚያግድ ቅመም ነው፤ ተመራማሪዎች በሰው ላይ ለጊዜው መርሳትን ለማምጣት ይጠቀሙበታል። ወደ ጠበል የምትወጣው እናት ግን ልጇን አልጎዳችም። ብቻ ከጠበሉ መልስ ዓይኑንና ጆሮውን ታስመርምርለት፤ ቁርስ በልቶ መሄዱን፣ በቂ እንቅልፍ ማግኘቱን ትይ። መሐል ላይ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ቀርቶ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ ዝንጉ ይባላል፤ አንዳንዴ ግን ይህ የሚጥል በሽታ አንድ ዓይነት ነው፤ በሐኪም ይታከማል። ሐኪምም የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና መድኃኒቱን ከጸሎቱ ጋር ማጣላት አያስፈልግም።

ሁሉ ተደርጎለት የማይሻሻል ልጅስ? አለ፤ ለእርሱም ክርክሩ አይፈርስም። እርሱን የሚረዳው ከውጭ የሚደገፍ ማስታወሻ ነው፤ እንዲህ ያለው ድጋፍ ግን ከጥንትም ያሰጋ ነበር። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን በ«ፋይድሮስ» አንድ የግብፅ ንጉሥ ጽሕፈት ሰውን ዝንጉ ያደርጋል ብሎ እንደ ፈራ ጽፏል፤ ዛሬ ስለ ስልክ የምንሰማው ስጋትም ይኸው ነው። በራሱ መያዝ ለሚችል ልጅ ስጋቱ ሚዛን ይደፋል፤ በቃሉ የያዘውን ጸሎት ማንም አይወስድበትምና። መያዝ ላቃተው ልጅ ግን በበሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ በስልክ የተሞላ ደወል፣ «ቦርሳህንስ?» የሚል ድምፅ ድጋፎቹ ናቸው። ሊያፍርባቸው አይገባም። ዕድሜውን ሙሉ አስታዋሽ ቢፈልግ፣ አስታዋሽ የመሆን ተራው የወላጆቹ፣ ከእነርሱ በኋላም የወንድሞቹና የእኅቶቹ ነው።