እያዩ አለማየት

በሮበርት ትሬስል «ቡትቶ ለባሾቹ በጎ አድራጊዎች» ልብ ወለድ ውስጥ ቀለም ቀቢው ፍራንክ ኦውን በምሳ እረፍት ላይ ከባልደረቦቹ የተረፈ ዳቦ ይሰበስባል፤ ሦስት ሰንጢም ይዋሳል። ዳቦው ጥሬ ዕቃ፣ ሰንጢው መሣሪያ፣ እሱ ደግሞ አሠሪ ይሆናል። ሦስት ሠራተኞች ዳቦውን ሦስት ሦስት ቦታ ይቆርጡና ለሳምንት ድካማቸው አንድ አንድ ፓውንድ ይቀበላሉ። ሲርባቸው አንዷን ቁራሽ በዚያችው አንድ ፓውንድ ከእሱው ይገዛሉ። ገንዘቡ ወደ ወጣበት ኪስ ይመለሳል፤ ዳቦው አሠሪው ፊት ይከመራል። በመጨረሻ «ሥራ የለም» ብሎ ሰንጢዎቹን ሲሰበስብ በዙሪያው ያሉት ይስቃሉ።

ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1978 ስቴፈን ሎው ለጆይንት ስቶክ የቲያትር ቡድን፣ በ2010 ደግሞ ሃዋርድ ብሬንተን ወደ ተውኔት መልሰውታል። መድረኩ ለመጽሐፉ ምን ይጨምርለታል? ብዙ ሰው የድሃውን ኑሮ በዓይን አሳይቶ ርኅራኄን ይቀሰቅሳል ይላል። እኔ ግን ርኅራኄ አይበቃም ባይ ነኝ። የሚራራ ሰው ራሱን ሰጪ አድርጎ ያያል። በትሬስል ዓለም ሰጪዎቹ ቡትቶ ለባሾቹ ናቸው፤ ጉልበታቸውንና ዕድሜያቸውን ለባለጠጋው ይመጸውታሉ፣ ምላሹ ግን ወርቅ ላበደረ ጠጠር ነው።

ብዝበዛ በጨለማ የሚፈጸም ስርቆት ቢሆን ኖሮ ማጋለጡ በበቃ ነበር። ኦውን የሚያሳየው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በስምምነት፣ ደመወዝ በሰዓቱ እየተከፈለ የሚሆነውን ነው። የለመዱትን ነገር ዓይን አይቶ ያልፈዋል። ኦውንም በክርክር ፈንታ ጨዋታ የጀመረው ለዚህ ነው። ልብ ወለዱ ሐሳቡን ለማስረዳት ራሱ ቲያትር ሠርቷል።

ብቻውን የሚያነብ ሰው የሚስቁትን ሠራተኞች ከውጭ ሆኖ ይታዘባቸዋል፤ «እንዴት አይገባቸውም?» ይላል። አዳራሽ ውስጥ ግን ትዕይንቱ ያስቃልና እሱም ይስቃል። በሳቁ መሐል ከእነሱ ጋር መቀመጡን ያውቃል። መድረክ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ታዛቢ የነበረውን ባለጉዳይ ማድረግ።

ትኬት የገዛው ሰው አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ትግሉም መዝናኛ ሆኖ ይቀራል የሚል ተቃውሞ አለ። እውነትነት አለው። የኦውን ባልደረቦችም አይተው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ ልጆቻቸው መብላት አለባቸውና። ማየት ብቻውን ማንንም ነፃ አያወጣም። ሆኖም «አላየሁም» የሚለውን ምክንያት ይነጥቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት ምርጫ ነው፣ ምርጫ ደግሞ ተጠያቂ አለው።

ትሬስል ራሱ በሄስቲንግስ ቀለም ቀቢ ነበር። መጽሐፉ ሳይታተም በ1911 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ በ1914 ተቆራርጦ ወጣ፣ ሙሉው የታየው በ1955 ነው። ይህን ሥራ ወደ መድረክ የሚያመጣ ሁሉ ዳግመኛ እንዳይቆርጠው አደራ እላለሁ። ሠራተኞቹን አንገት ደፊ ምስኪኖች አያድርጋቸው፤ ቀልዳቸውንና ግትርነታቸውን ይተውላቸው። የዳቦውንም ጨዋታ ሳያጣድፍ፣ ቁራሽ በቁራሽ፣ ሂሳቡ ለሁሉም እስኪታይ ድረስ ያሳየው።