ሥሩ አንድ ብቻ ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ባልና ሚስት ሊያስታርቁ የተቀመጡ ሽማግሌዎች የትናንቱን ስድብ ትተው ጠቡ መቼ እንደ ጀመረ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ምክሩ ብዙ ትዳር አትርፏል። ሆኖም ሥሩ አንድ እንደሆነ፣ ከተገኘም ነገሩ እንደሚያልቅ ያስባል።

ውሃ የተረቱ እኩሌታ ነውና በጅቡቲ ከተማ እንፈትነው። አገሪቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ የከተማዋ ዝናብም በዓመት 150 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የኖረችው በጉድጓድ ውሃ ነው። በባሕር ዳር መሬት ውስጥ ጣፋጩ ውሃ፣ ቅባት ወጥ ላይ እንደሚሰፍፍ፣ ከጨዋማው በላይ ይተኛል። ዝናብ ከሚተካው አብልጠው ሲስቡት ባሕሩ ሾልኮ ይገባል። ስኳር የማይሸፍነው የሻይ ጨው ጨው ማለት ከዚህ ይመጣል።

ታዲያ ሥሩ የቱ ነው? የዝናብ እጦት? የሕዝብ መብዛት? የጉድጓድ ማነስ? ጉድጓድ አነሰ ብሎ የጨመረ ሰው ጨዉን ጠራ፤ ጨው የገባበት ጉድጓድ ሲተው በቀሩት ላይ ጫናው በረታ፤ እጥረቱም ተመልሶ መጣ። ነገሩ ክብ ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ሕመሙን ያባብሳል።

መውጫው ከክቡ ውጭ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐዳጋላ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጅቡቲ የሚሄድ የውሃ መስመር ተመረቀ። በ2021 ደግሞ በራሷ በጅቡቲ፣ ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካ ተከፈተ። ሁለቱም ትልቅ እፎይታ ናቸው። ግን የሐዳጋላውም የጉድጓድ ውሃ ነው፤ በልክ ካልተሳበ ያው ጥያቄ ድንበር ተሻግሮ ይጠብቃል። ማጣሪያው ብዙ መብራት ይበላል፤ ጅቡቲ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ መብራት የምትገዛው ኃይሏ በአብዛኛው ከግድብ ከሚመነጨው ከኢትዮጵያ ነው። ዞሮ ዞሮ በዝናብ እጦት የተሠራው ማጣሪያ የደጋውን ዝናብ ደጅ ይጠናል። በ2023 እዚያው ጅቡቲ ውስጥ፣ ጉቤት ላይ ሥራ የጀመረው 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚጠቅመው ይህን ጥገኝነት ስለሚያላላ ነው።

ተረቱን አንጥለውም፤ ሥር ያልፈለገ ሰው ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ይከርማል። ግን ሥሩን ካገኘን በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ እንጨምርበት፤ ይህ መፍትሔ ከዓመታት በኋላ ምን ሆኖ፣ በማን በር ይመለሳል?