ኮሙኒኬሽን፦ ደካማ

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ጣልኩ። በሥራ ቅጥር ኢንተርቪው ማለቴ ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ደንበኞቻችን ግን ውጭ ናቸው። ስለዚህ ኢንተርቪው የምናደርገው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ በቪዲዮ ገባ። ሲቪው ላይ ሁለተኛ ደረጃን ሞጣ እንደተማረ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ የቢቸና ልጅ ነኝ። አገሩን ለማታውቁት፦ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባ መንገድ አለ። ሁለታችንም የዚያ መንገድ ልጆች ነን። ይህን ግን አልነገርኩትም።

ጥያቄዬ ከባድ አልነበረም፤ ተጠቃሚ ሲበዛበት የሚንቀራፈፍ ሲስተም ቢሰጥህ ችግሩን ከየት ጀምረህ ትፈልጋለህ? ልጁ ጀመረ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ። "ዳታቤዝ" አለ፣ "ኢንዴክስ" አለ፤ ሁለቱን የሚያያይዝለት ግሥ ግን ጠፋው። ሐሳቡ እንዳለው ያስታውቃል፤ መውጫው ነው የጠበበው። "በአማርኛ ንገረኝ" ማለት እችል ነበር። አብሮኝ የሚጠይቀው ባልደረባዬም አማርኛ ተናጋሪ ነው። አላልኩም። ቅጹ ላይ "ኮሙኒኬሽን፦ ደካማ" ብዬ ሞላሁ። ልጁ ሲሰናበተን በአማርኛ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

ከኢንተርቪው በፊት የላከውን ኮድ በደንብ ያነበብኩት ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው። ንጹሕ ሥራ ነበር። የጠየቅኩት ጥያቄ መልስ እዚያው ኮዱ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ያን ቀን የለካሁት ምኑን ነው?

የእኛ ትውልድ እንግሊዝኛን እንዴት እንደተማረ ታውቁታላችሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንማረዋለን። ዘጠነኛ ስንገባ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእሱ ይሆናል። እኛ ላይ ፕላዝማው ተጨመረ። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በማናውቀው ቅላጼ ይናገርና "አሁን ይህን ሥሩ" ይላል፤ ጥያቄውን አንብበን ሳንጨርስ መልሱን ሰጥቶ ያልፋል። ቴሌቪዥን እጅህን ብታወጣ አያይህም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል፤ እውነቱን ለመናገር መብራት የጠፋበት ቀን ነበር የሚገባን፤ መምህሩ በአማርኛ ያስረዳን ነበራ።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ስለ ቤተሰባችን በእንግሊዝኛ እንድንናገር ታዘዝን። እኔም አባቴ ብዙ "ሺፕስ" አለው አልኩ። ለካ በግ በእንግሊዝኛ ቢበዛም ቃሉ አይለወጥም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት ግማሾቹ ለምን እንደሚሳቅ እንደማያውቁ እርግጠኛ ነኝ፤ ሌላው ስለሳቀ ነው የሳቁት። እስከ አሥረኛ ክፍል ስሜ "ሺፕስ" ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ እጄን አላወጣሁም። ሰዋስው ግን አጠናሁ፤ "ባዶ ቦታውን ሙላ" ላይ የሚችለኝ አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቋንቋ "አንተ ምን ታስባለህ?" ያለኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም።

አያቴ ሌላ ዓይነት ተማሪ ነበር። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሯል። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አንዱ እሱ ነው፤ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያነበበ ሰው ዲማን ያውቀዋል። አያቴ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፋ ቁራሽ ለምኖ ነው የተማረው። የተማረው ደግሞ ግእዝ ነው። ግእዝ የማንም እናት ልጇን የማታባብልበት ቋንቋ ሆኖ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ለአያቴም የባዕድ ያህል ነበር።

ልዩነቱ አተማመሩ ላይ ነው። የቅኔ ተማሪ ግሱን ያጠናል፣ አገባቡን ይሰማል፤ ግን አጥንቶ እስኪጨርስ ዝም በል አይባልም። በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይጀምርና የራሱን ይቆጥራል። ለአስነጋሪው ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ትናንት የተባለን ቅኔ ደግሞ መምጣት ነውር ነው። አያቴ "ስንት ቅኔ ተበላሽቶብኝ መሰለህ አንዷ የቀናችልኝ!" ይለኝ ነበር። ማለትም መበላሸቱ ትምህርቱ ራሱ ነበር።

ቅኔ ቤትን ገነት ላስመስለው አልፈልግም። ረሀቡ ነበር፣ አለንጋው ነበር። ጎጃም ዓይነ ስውሯን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ቢያፈራም፣ የሴት ልጅ ቦታ እዚያ ጠባብ ነበር። አያቴ ራሱ ሳይመረቅ ነው የተመለሰው። ሆኖም እስኪሞት ድረስ ግእዙ ከአፉ አልጠፋም። የኔ የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ግን ከፈተና ማግስት ነበር የሚተነው።

እኔን እንግሊዝኛ ያስተማረኝ በመጨረሻ ኮድ ነው። ኮምፓይለር ስትሳሳት አይስቅብህም። መቶ ጊዜ ብትሳሳት መቶ ጊዜ "ይህ መስመር ላይ ስህተት አለ" ይልሃል፤ ቅጽል ስም አያወጣልህም። አስነጋሪ ማለት ነው! ከዚያ ደግሞ መድረኮቹ አሉ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፕሮጀክቴ አልሠራ ብሎኝ ጥያቄ ለጠፍኩ። የመለሰልኝ ብራዚላዊ ነበር። እንግሊዝኛው ልክ እንደኔው የተሰባበረ ነው። በአሥር ደቂቃ ተግባባን። ቆይቼ ሳስበው የተግባባነው ቋንቋው ስለሞላልን አልነበረም። ሁለታችንም የምንፈልገው ችግሩን መፍታት ነበር፤ አንዳችን ሌላችንን ደረጃ እያወጣን አልነበረም።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እንጀራዬን የምበላው በእሱ ነው፤ በአማርኛ ላገኘው የማልችለውን እውቀት አግኝቼበታለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁም በዲማ ግእዝ ብቻ አልቀሩም፤ እንግሊዝኛ ተምረው ለንደን አምባሳደር ሆነዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1958 ዓ.ም. የሰጡን መጽሐፍ ግን በአማርኛ ነው። አንዱ ቋንቋ ሌላውን አላስወጣባቸውም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ቋንቋ መማሪያ ሲሆንና ሚዛን ሲሆን አንድ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ደንግጠናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቋንቋ ብቻ ነው የሚል ሰው አይስማኝ። ግን ፊዚክሱ የገባው ልጅ የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ሳይገባው ቢወድቅ፣ ያ ፈተና የፊዚክስ ፈተና ነበር ማለት እንችላለን? የኔ ኢንተርቪውስ የኮድ ኢንተርቪው ነበር?

ታዲያ ለምን "በአማርኛ ንገረኝ" አላልኩም? ብዙ ጊዜ "ደንቡ ነው" ብዬ ለራሴ መልሻለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጁ ሲንተባተብ "ሺፕስ"ን አየሁት። አብሬው የምታይ መሰለኝ። ባልደረባዬ አዲስ አበባ ያደገ፣ እንግሊዝኛው እንደ ውኃ የሚፈስ ሰው ነው፤ እሱ ፊት ከልጁ ጎን መቆም አልፈለግኩም። የሳቁብኝ ልጆች ሌላው ስለሳቀ እንደሳቁት፣ እኔም ሌላው ስለሚጥል ጣልኩ። ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በር ላይ እንደቆመ ሰው ነው። እኔ በብዙ መከራ ከገባሁ በኋላ ዞሬ በሩን ያዝኩት።

ኋላ ላይ ቅጹን እንድንለውጥ ሐሳብ አቀረብኩ። አሁን የቴክኒክ ጥያቄውን ሰው በሚቀናው ቋንቋ ይመልሳል፤ እንግሊዝኛው ለብቻው፣ ተዘጋጅቶ ለደንበኛ ደብዳቤ በመጻፍና በማስረዳት ይታያል። ባልደረባዬ "ደንበኛው እኮ አማርኛ አይሰማም" አለ። ልክ ነው። ለዚህም ነው እንግሊዝኛውን ያላስቀረነው። አሁንም በእንግሊዝኛው የምንጥለው ሰው አለ። ቢያንስ ግን ስንጥለው በምን እንደጣልነው እናውቃለን።

ለልጁም ጻፍኩለት። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ኮዱን ዘግይቼ እንዳነበብኩትም ነገርኩት። መጨረሻ ላይ እኔም የቢቸና ልጅ እንደሆንኩ ጨመርኩበት። በማግስቱ መልስ መጣ። ሌላ ቦታ ሥራ ጀምሯል፤ አልተቀየመኝም፣ ወይም ተቀይሞ ጨዋነት ይዞታል። የቢቸናውን ነገር ግን እንዲህ ብሎ ዘጋው፦

"እሱንስ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እንግሊዝኛዎ ጎጃምኛ ነው።"