ስለ ቡጢና ስለ ሰሊጥ

ልጆቼ፤ ገንዳ ውኃ ከተማ ሲመሽ ቡና ይዛችሁ የምትከራከሩትን እሰማለሁ። ከስልካችሁ የቡጢ ግጥሚያ ታያላችሁ። አንዳችሁ «ለዚህ ሁሉ ዶላር እኔም ፊቴን እሰጥ ነበር» ትላላችሁ፤ ሌላችሁ «ገንዘቡን ሳይበላው ጭንቅላቱ ይዞርበታል» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ከዚያ «አባባ፣ ይፍረዱን» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ልፍረድ።

ሰውነትን ለእንጀራ አደጋ ላይ መጣል ነውር ነው አልልም። እንዲህ ብል ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረደውን ሰው ሁሉ መስደቤ ነው። ከበለሳ፣ ከደምቢያ፣ ከጎጃም ማጭዱን ይዞ የሚመጣው ልጅ ጉልበቱን ሊሸጥ ነው የመጣው። ቡጢኛውም እንዲሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ሲመታህ «በቃ» የሚልልህ ሰው አለ ወይ? ወድቀህ ስትቀርስ የሚያነሳህ ማን ነው?

መሐመድ አሊን ታውቁታላችሁ። በ1977 እ.ኤ.አ. ከኧርኒ ሻቨርስ ጋር ከተጋጠመ በኋላ ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ የምርመራ ወረቀቱን አየ፤ የአሊ ኩላሊት እየተጎዳ ነበር። ለአሊም፣ ለሚስቱም፣ ለሥራ አስኪያጁም ጻፈ። መልስ የሰጠው አልነበረም፤ እሱም ሥራውን ትቶ ሄደ። አሊ ግን ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ተጋጠመ። በ1984 እ.ኤ.አ. የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ተነገረው፤ እስከ 2016 ድረስ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ያ ዓለምን ያሳቀ አንደበቱ እየተያዘ ኖረ። ሕመሙ ከቡጢ መጣ አልመጣ ሐኪሞች ዛሬም ይከራከሩበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ያ መልስ ያጣ ደብዳቤ ነው።

የሌላውን ሰው ነገር ደግሞ ስሙ። በ1975 እ.ኤ.አ. ማኒላ ላይ አሊና ጆ ፍሬዘር አሥራ አራት ዙር ተደባደቡ። የፍሬዘር ዓይን አብጦ ተደፈነ፤ እንዲያም ሆኖ «እቀጥላለሁ» አለ። አሠልጣኙ ኤዲ ፈች ግን እንቢ አለው፤ አሥራ አምስተኛው ዙር ሳይጀመር ግጥሚያውን አስቆመ። ፈች ሪንግ ላይ የሚሞት ሰው ከዚያ በፊት አይቷል። ፍሬዘር ተቆጣ፤ ቢቆጣም በሕይወት ወደ ቤቱ ገባ። ለእኔ የዚያ ቀን ጀግና ይሄ ሽማግሌ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ቡጢኛ እኮ ከእናንተ ይሻላል። ዳኛ አለው፣ ደወል አለው፣ ሐኪም ከገመዱ ሥር ይቀመጥለታል። ደለሎ ወይም ኮኪት ማሳ ላይ የሚውል አጫጅ ምን አለው?

ሰሊጥ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ፍሬው ደርቆ ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ እህሉ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ባለሀብቱ ይጨነቃል፣ የቀን ዋጋው ይወጣል፣ ኮንትራት የያዘውም ገና ጎህ ሳይቀድ ያጎነብሳል። ያጭዳል፣ ነዶውን ያስራል፣ ነዶውን አቁሞ ሂላ የሚባለውን ክምር ይሠራል። ፀሐዩን ሽሽት በጨረቃ የሚያጭድም አለ። ከዚያ ሰውነቱ ዝሎ ከግራር ሥር ይወድቃል። ዋልካው አፈር ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፤ ከዚያ ስንጥቅ የምትወጣው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም። ነክሳው ስትሄድ አይሰማውም። ካላዛር የሚባለው በሽታ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

በሽታው ቶሎ አይገለጥም። ብዙ ጊዜ ልጁ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ አገሩ ከገባ ከወራት በኋላ ነው። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፣ ሆዱ በጣፊያው እብጠት ይገፋል፣ አፍንጫው ይደማል። ሰዎች «ወባ ነው» ይሉታል፣ ወይም «ቡዳ በልቶት ነው»። ሳይታከም የቆየ ሰው ከሞት የሚተርፈው ከስንት አንዱ ነው።

ቡጢኛን የሚመታው ምት እሱ ላይ ይቀራል። የእናንተ ግን አይቀርም። ሊቦ ከምከምን አስቡ። በ2005 እ.ኤ.አ. እዚያ ደጋማ ወረዳ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ መጀመሪያ ወባ መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከቆላ ሥራ የተመለሱ ሰዎች ይዘውት ሳይገቡ አልቀረም ተባለ። ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናት ታመሙ።

ሌላም አለ፤ ሽማግሌ ሲናገረው ያሳፍራል ብዬ ግን አላልፈውም። ሒሳብ ተቀብላችሁ ከተማ ስትገቡ አረቄው ይጠብቃችኋል፣ ሴቱም ይጠብቃችኋል። ካላዛርና ኤች አይ ቪ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ሕክምናው ይከብዳል፣ የዳነውም ደጋግሞ ይነሳበታል። ይህን በየዓመቱ የሚያዩት ሐኪሞቻችን ናቸው፤ እኔ ከራሴ አልፈጠርኩትም።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸውላችሁ። «በቃ» የሚለው ሰው በሌለበት፣ ጉዳቱን ቀጣሪው ሳይሆን አንተና ወገኖችህ በምትከፍሉበት ቦታ፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢወጣ ርካሽ ነው። ቡጢ ይሁን ሰሊጥ ልዩነት የለውም። ዳኛ ካጣችሁ እርስ በርስ ዳኛ ሁኑ። አምስትም ስድስትም ሆናችሁ ስትወርዱ አንዱን ታላቅ አድርጉትና «አንተ ዛሬ አታጭድም» ሲል ስሙት፤ ተቆጡት፣ ግን ስሙት። ባለሀብቶችም ብትሆኑ፣ ሰሊጡ እንዳይፈስ ሸራ የምታነጥፉትን ያህል በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለሠራተኛችሁ መስቀል አያቅታችሁም። እናንተ አጫጆችም ስምምነት ስትይዙ ከብሩ በፊት ስለ ማደሪያውና ስለ አጎበሩ ጠይቁ፤ «የለም» የሚላችሁን ትታችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። በአጨዳ ወቅት ባለሀብቱ ነው የሚለምናችሁ።

ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ በየመድኃኒት ቤቱ አትንከራተቱ። መተማ ሆስፒታል ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሂዱ። አገራችሁ ከገባችሁ በኋላ ቢሆንም ለሐኪሙ «መተማ ሰሊጥ ሳጭድ ነበር» በሉት፤ ይህን ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። ሕክምናው ለቀናት የሚሰጥ መርፌ ነው።