አሥራ ሦስት ሰዓት እና ሁለት ታክሲ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዋሽንግተን ወደ እኛ ሲመጣ አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት ግድም ይበራል። ከዚህ ሲሄድ ግን ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ለነዳጅ ያርፋል፤ ጉዞውም ከ16 ሰዓት ያልፋል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ ነዳጁንም ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሣት ይቸግረዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ለፊት ይገጥመዋል። ዋሽንግተን ዝቅ ያለ ቦታ ናትና ከዚያ ጠግቦ ይነሣል፤ ነፋሱም ከኋላው ይገፋዋል።

ይህን የነገረኝ ያክስቴ ልጅ ነው፤ በእናቱ ሠልስት ዕለት፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን። እዚያ ያሉ ዘመዶች ማለዳ ቤቱ ሄደው አረዱት፤ ያገኘውን ቲኬት ቆርጦ መጣ። ለቀብሩ ግን አልደረሰም።

በሰማይ መመለሱ ይቀላል፤ በምድር ግን እንዲያ አይደለም። ወረቀቱ እስኪስተካከልለት ድረስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናቱን ማየት አልቻለም ነበር። ለእንዲህ ያለው ሰው 13 ሰዓት የሚባለው ነገር ምን ትርጉም አለው? ቲኬት መግዛት የማይችለውስ? እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፤ ርቀት ከግዴታ ነፃ ያወጣል ወይ?

መድረስ ያልቻለን ሰው ነፃ ያወጣዋል እላለሁ። አቅሙ የማይፈቅድለትን ሰው ለምን አልመጣህም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። እሱ ደግሞ ባይመጣም አልጠፋም። የዋሽንግተን ሰዓት ከኛ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ ይህን አስልቶ፣ እንቅልፉን ሰብሮ፣ እሁድ እሁድ እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ይደውል ነበር። ሩቅ መሆኑን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። የቅርብ ሰው ግን ቅርብነቱ ራሱ ያዘናጋዋል። የት ትሄዳለች? ነገ እደርስ የለ!

ስለ ሌላ ሰው አይደለም የማወራው። እኔ መካኒሳ ነኝ፤ አክስቴ ኮተቤ ነበረች። ሁለት ታክሲ ነው፤ መንገዱ ቢዘጋጋ እንኳ ቢበዛ ሁለት ሰዓት። በገና ሄጄ ጠየቅኋት። በሰኔ ሞተች። በመሀል አምስት ወር አለ፤ አንድም ቀን አልሄድኩም። ከሥራና ከትራንስፖርት ውጪ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም፤ እነሱም ቢሆኑ ምክንያት አይደሉም።

ያክስቴ ልጅ ስለ አውሮፕላኑ ነግሮኝ ሲጨርስ ዝም አለ። ከዚያ፣

«አንተስ እዚሁ ነህ። በስልክ ‘አይዞህ፣ እነሱ አሉልኝ’ ትለኝ ነበር። በመጨረሻ ስታያት ምን አለችህ?» አለኝ።

ለካ አንድም ቀን አላሳጣችኝም።

«‘ደህና ነኝ’ ነበር ያለችኝ» አልኩት።

ውሸት አይደለም፤ ብላኛለች። የገና ዕለት መሆኑን ግን አልጨመርኩም። እሱም አመሰገነኝ።

አሁን ተመልሷል። እሁድ እሁድ የሚደውለው ለእኔ ነው። እስካሁን አልነገርኩትም።