መስማትና ማዳመጥ

ሰው በሚናገረው ቃል መመዘኑ የታወቀ ነው። በአሰማሙስ ይመዘናልን? መናገር ሥራ ነው፤ መስማት ግን ጆሮ ላለው ሁሉ ያለ ድካም የሚመጣ ስለሚመስለን፥ በምግባር ሚዛን ላይ አናወጣውም። እኛም ይህንኑ እናስብ ነበር። አሳባችንን የለወጠው በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ ተራሮች መካከል በምትገኘው በቴሉራይድ የተካፈልነው የሙዚቃ በዓል ነው።

ቴሉራይድ ከባሕር ወለል በላይ 2,667 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፥ በከፍታ አዲስ አበባን እንኳ የምትበልጥ ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1878 ማዕድን ፈላጊዎች ቆረቆሯት፤ የማዕድኑ ዘመን እየደከመ ሲሄድ ደግሞ ኑሮዋን በበረዶ ላይ መሠረተች። የበረዶ ሸርተቴ ስፍራዋ የተከፈተው በ1972 ነው። በሰኔ ወር፥ ያ ሁሉ በረዶ ቀልጦ መስኩ ሲለመልም፥ ከ1974 ጀምሮ የብሉግራስ ሙዚቃ በዓል ይደረግባታል።

ብሉግራስ ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል በሚጮኹ መሣሪያዎች፥ ይኸውም በባንጆ፥ በማንዶሊን፥ በቫዮሊን፥ በጊታርና በኮንትራባስ የሚደረግ ጨዋታ ነው። መልክ የያዘውም የኬንተኪ ተወላጅ በሆነው በቢል ሞንሮ ጓድ ውስጥ፥ በተለይም ኧርል ስክራግስ በ1945 ባንጆውን ይዞ ከተጨመረ በኋላ ነው። የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ መቆም ልማዳቸው ነበር። ተራው የደረሰ ወደ ፊት ይጠጋል፤ ሌሎቹ ፈቀቅ ብለው የመሣሪያቸውን ድምፅ ዝቅ ያደርጋሉ። ባንጆው ብርቱ ድምፅ አለው፤ ቢፈልግ ማንዶሊኑን ይውጠዋል። ነገር ግን አይውጠውም። ዜማው የሚያምረው ኃይለኛው ኃይሉን ስለ ገታ ነው።

በበዓሉ አንድ ቀን፥ አንድ ተጫዋች ጊታሩን ብቻ ይዞ ዝግ ያለ ዜማ ጀመረ። እኛ ግን በዚያ ሰዓት ስለ ማደሪያችን ውድነትና ስለ ማታው ብርድ እንጫወት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፥ የራሳችንን ጫጫታ አልሰማነውም። በፊታችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ዘወር አሉ። አልተቆጡም፤ እጃቸውን ከጆሮአቸው ኋላ አድርገው ለመስማት ሲጣጣሩ ብቻ አየናቸው። አፍረን ዝም አልን። ያን ጊዜ ከኛ በቀር በዙሪያችን ያለው ሕዝብ ሁሉ ዝም ብሎ እንደ ነበረ አስተዋልን። እርግጥ ነው፤ ለብዙ ሺሕ ሕዝብ ለማዳረስ ድምፅ ማጉያ ተተክሎ ነበር። ይሁን እንጂ ማጉያው ድምፁን ከጆሮ ያደርሳል እንጂ፥ ያልፈቀደውን ልብ አይከፍትም። ያን ጸጥታ የሠራው እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ላይ በቀነሰው ድምፅ ነው። የበገናን ድርደራ በጾም ወራት በጸጥታ ሲያዳምጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ታዲያ ለዜማ ዝም ማለት ይበቃልን? የባንጆ ታሪክ አይበቃም ይለናል። ይህን መሣሪያ ያበጁት በባርነት ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ሰሜን አሜሪካ የተወሰዱ አፍሪቃውያን ናቸው፤ በመጀመሪያ ቅል በቆዳ ለብጠው ይሠሩት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ነጮች ተጫዋቾች ፊታቸውን አጥቁረው፥ ባንጆ እየመቱ፥ በጥቁሮች አነጋገርና አካሄድ ሕዝብ ያስቁ ነበር። ሕዝቡ ድምፁን ወደደ፤ ባለቤቱን ግን ናቀ። እንግዲህ መስማትና ማዳመጥ የሚለያዩት በዚህ ነው። የሚሰማ ሰው የሚያስደስተውን ድምፅ ይወስዳል፤ የሚያዳምጥ ግን ድምፁ ከማን እንደ መጣና ያ ሰው ምን እንደ ደረሰበት ይጠይቃል።

ምናልባት አንባቢያችን፦ «ሁሉን የሚያዳምጥ ሰው የራሱ አሳብ የሌለው አይሆንምን?» ይል ይሆናል። አይሆንም። ለባልንጀራው ድምፁን ዝቅ ያደረገ ተጫዋች መሣሪያውን አልጣለም፤ ተራው ሲደርስ ይጫወታል። እንዲያውም የሌላውን ዜማ በሚገባ የተከተለ ነውና፥ ከየት ላይ መቀጠል እንዳለበት ያውቃል። ተቃውሞም ቢሆን የሚቃወመውን ነገር አጥርቶ ካዳመጠ ሰው ሲመጣ ክብደት ይኖረዋል።

ይህ ነገር በሩቅ አገር ተራራ ላይ ተጀምሮ በዚያ የሚቀር አይደለም። ባለጉዳይ በጠረጴዛችን ፊት ቆሞ ሲናገር፥ ዐይናችን ከወረቀት ላይ፥ አሳባችን ከምሳ ላይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። በክፍላችን የኋላ ወንበር የተቀመጠው ዐይነ አፋር ተማሪ ቃሉን ሳይጨርስ መልሱን የምንነጥቀውም ጥቂት ጊዜ አይደለም። በእነዚህ ቦታዎች ብርቱው መሣሪያ በእኛ እጅ ነው። የምንናገረው ሁሉ ይሰማል፤ የእነርሱ ግን የሚሰማው እኛ ዝቅ ስንል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰው በአሰማሙም ይመዘናል እንላለን። ይልቁንም የሚመዘነው ዝም በል የሚለው አለቃ በሌለበት፥ የሚናገረውም ሰው ሊጠቅመውም ሊጎዳውም በማይችልበት ጊዜ ነው። እኛ በቴሉራይድ መስክ ላይ ተመዝነን ቀልለን ተገኝተናል። ያረሙን አሮጊት አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩም፤ ያዳምጡ ነበር።